ተለማማጁ ሐኪም ለቅሶ የተቀመጠ ዕለት

ቡሬ ላይ የያዙኝ በቁምጣዬ ስፌት ውስጥ የአርበኞች ደብዳቤ አግኝተው ነው። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ሀ ሁ እንኳ አልቆጠርኩም። ማን ይመነኝ? ጣሊያን ከሰው የቀማው የእህል መጋዘን ውስጥ ጨመሩኝ። ወለሉ እርጥብ፣ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ሽታው የቁስልና የሽንት። አሥራ ሁለት ነበርን፤ በሩን አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ይጠብቀዋል።

ጧት ጧት አንድ ተለማማጅ ሐኪም ይመጣል። የዳሞት ልጅ ነው፤ ጣሊያን ሕክምና የሚያስተምረው። እያንዳንዳችንን መርምሮ "ይህ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ይህ አይችልም" ይላል። ባንዳ ነው ብዬ ፊቱን አላይም ነበር።

አንድ ቀን ከመካከላችን በተቅማጥ የተያዘ ሰው በተለማማጁ እጅ ላይ ሞተ። በማግስቱ ልጁ የአንዱን ቁስል ሊያስር ፋሻውን ሦስት ጊዜ ጠቀለለ፣ ሦስት ጊዜ ፈታው።

"እጅህንም ለጣሊያን ሰጠኸው እንዴ?" አልኩት።

"እንቅልፍ የለኝም" አለ። "ዓይኔን ስከድን ሟቹ ይመጣብኛል። ሳለቅስ አለቃዬ አየኝና 'ሐኪም አያለቅስም፤ ሁለተኛ ባይህ ከእስረኞቹ ጋር እዘጋብሃለሁ' አለኝ። ከዚህ ወዲያ የምችል አይመስለኝም።"

አብረውን የታሰሩ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ። "በል ና ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉት።

"አባቴ፣ አስካሪው በር ላይ ነው።"

"ይኑራ! እኛ አገር ሕመምተኛ የሞተበት ወጌሻ ከሐዘንተኛው እኩል ለቅሶ ይቀመጣል። እግዜር ያጥናህ ይሉታል። አንተን ማን እንዲህ አለህ?"

"ማንም።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ተከተላቸው። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ፤ አልዋሽም። ልጁ መካከላችን ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። በየተራ "እግዜር ያጥናህ" አልነው።

"ተነሡ! ለሥራ!" ብሎ አስካሪው ጮኸ።

"ለቅሶ ላይ ነን። ሳይጨርስ አንነሣም" አልኩት።

በሰደፍ ትከሻዬን አለኝ። አልተነሣሁም። ማንም አልተነሣም።

ጩኸቱን ሰምቶ አለቃው፣ ጣሊያኑ ሐኪም፣ መጣ። ልጁ ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ።

"ዛሬ ስንቱ ይሠራል?" አለው አለቃው።

"አንድም። ሁሉም ሕሙማን ናቸው።"

በጥፊ አጮለው። ልጁ "አንድም" ብሎ ደገመለት። እንደዛተውም ከእኛ ጋር ዘጋበት። ልጁ ጥግ ይዞ ጋደም አለና እስከ ምሳ ሰዓት አንኮራፋ።

ዛሬ በስተርጅና በተማርኩት ፊደል ይህን ስጽፍ፣ ሰው "ስንት ጠላት ገደልክ?" ይለኛል። አልገደልኩም። አንድ ጧት እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጬ አልነሣም ብያለሁ። የእኔ ጦርነት ያ ነው፤ ያነሰበት ሰው ሌላ ይጠይቅ።