ከዓይኔ አልወጣ ያለችው ሌንስ

ወገዳ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ መኪና እዚያ አይደርስም ነበር። ሻንጣዬን በበቅሎ አስጭኜ ስገባ፣ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ ሁለት የዓይን ሌንሶች።

የዓይኔ ነገር የጀመረኝ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። የሰሌዳው ጽሑፍ ድርብ ድርብ ሆኖ ይታየኝ ጀመር። መነጽር ቀየሩልኝ፤ ደግመው ቀየሩልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም የዓይኔ የፊተኛው መስታወት እየሳሳ፣ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እየወጣ መሆኑን ነገረኝ። ይህን መነጽር አያቃናውም፤ የሚረዳሽ ዓይን ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ ብቻ ነው አለኝ። የዓሣ ቅርፊት የሚያካክሉ ሁለት ጥርት ያሉ ነገሮች ሰጠኝ። ገብተውልኝ ቀና ስል፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለይቶ ታየኝ። እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀስኩ።

ወገዳ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኗ ውስጥ ነገር የምትከት ሴት እየተባለ እንዳይወራብኝ ፈራሁ። ጠዋት በር ዘግቼ አስገባቸዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ በር ዘግቼ አወጣቸዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለው አውድማ ገብስ ይወቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረና እብቁ በመስኮት ወደ ክፍላችን ተነፋ። ቀኝ ዓይኔን አንዳች ነገር ወጋኝ። ትምህርቱን አቋርጬ ልጆቹን አሰናበትኩና ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ገባሁ።

የግራዋ ሌንስ እንደ ልማዷ፣ የዓይኔን ዳር በጣቴ ወጠር አድርጌ ጨፈን ከፈት ሳደርግ መዳፌ ላይ ዱብ አለች። የቀኟ አልወጣችም። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ በጣቴ ጫፍ ስፈልጋት ከቦታዋ የለችም። ወድቃ ይሆናል ብዬ ወለሉን ዳበስኩ። ዓይኔን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ግን ከላይኛው ቆብ ሥር የሚፍቀኝ ነገር ነበር። ያኔ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ወደ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ትጠፋ እንደሆነስ? ዛሬ ያ እንደማይሆን አውቃለሁ። ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ዓይኔ አብጦ ተዘጋ። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ያከራዩኝ ሴትዮ ባሏ የሞተባቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አይተውኝ ደነገጡ።

«ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቄ ጠብ ላድርግልሽ» አሉ።

«እትዬ፣ ምች አይደለም። ዓይኔ ውስጥ ሌንስ አለ።»

«ምን አለ አልሽኝ?»

የግራዋን ከዕቃዋ አውጥቼ አሳየኋቸው። መዳፌ ላይ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይቺን የምታህል ነገር ዓይንሽ ውስጥ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህስ የእኔ መድኃኒት የሚደርስበት አይደለም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና መሪጌታን ይዘው መጡ። መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ወገዳ ከመጣሁ ጀምሮ ሰላም ብለውኝ አያውቁም፤ ተማሪዎቻቸው ጥቂት በጥቂት ወደ እኛ ትምህርት ቤት ፈልሰው ነበርና። እትዬ ያመጧቸው ጸሎት እንዲያደርሱልኝ ነው። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገሩኝ።

«ጸሎቱን መንገድ ላይ እናደርሰዋለን» አሉ። «አሁን የሚያስፈልጋት በቅሎ ነው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አለ።»

ሁለቱንም ዓይኖቼን በንጹሕ ጨርቅ አሠርኩ፤ ግራው ሲንቀሳቀስ ቀኙም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ሕመሙ አያስችልም። እንደታወርኩ በቅሎ ላይ ተቀመጥኩ። መሪጌታ ልጓሙን ይዘው ከፊት ቀደሙ። እስከ መካነ ኢየሱስ ሁለት ቀን እንሄዳለን፤ ከዚያ መኪና ይገኛል።

ያን መንገድ የማስታውሰው በጆሮዬና በወገቤ ነው። መሪጌታ ሳያቋርጡ ይነግሩኛል። «አሁን ሜዳ ነው። አሁን ድንጋይ አለ፣ ትንገጫገጫለች። ወደ ኋላ ለጠጥ በይ፣ ቁልቁለት ጀምረናል።» በመካከሉ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። ወንዙ ድረስ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከበቅሎዋ ኮቴ ሥር ጠጠር ሲያመልጥ እሰማለሁ፤ መሬት ሲነካ ግን ድምፁ አይሰማም። በግራችን ገደል መኖሩን ያወቅሁት በዚህ ነው።

በቅሎዋ ቀጥ አለች። መሪጌታም ዝም አሉ። ቆየሁ፤ አልናገር ሲሉኝ አላስችል አለኝና ከግራ ዓይኔ ላይ ጨርቁን ገለጥ አደረግሁ። ያለ ሌንስ ሁሉም ነገር የተድበሰበሰ ነው፤ ቢሆንም እሳቸውን ከነነጭ ጥምጥማቸው ለየኋቸው። ጎንበስ ብለው መሬቱን በመቋሚያቸው ጫፍ ይዳብሳሉ። ወደ ቀኝ ነካ፣ ወደ ግራ ነካ። በግራ በኩል መቋሚያው አየር ላይ ቀረ።

«የኔታ» አልኩ። «አያዩም እንዴ?»

ቀና አላሉም። «ሞራ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው። ጥላ ጥላውን አያለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ወርጄ በእግሬ እንዳልሄድ ገደሉ አለ፤ እንዳልመለስም ዓይኔ አለ።

«ይህን መንገድ ከቅኔ ቤት ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ» አሉ። «ትላንትና ድንጋይ ተንዶ ይሆናል፣ እሱን ነው የምፈልገው። በቅሎዋም ታያለች። እሷ እንቢ ካለች አንሄድም፤ እሺ ካለች እንሄዳለን። ጨርቅሽን መልሺው።»

መለስኩት። ግንባሬን ከበቅሎዋ ጋማ ላይ አስደግፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አቀላቀልኩት። የወንዙ ውኃ እግሬን ሲነካኝ ነው በሕይወት መውረዳችንን ያመንኩት።

ከመካነ ኢየሱስ እህል በጫነ መኪና ላይ ደብረ ታቦር ደረስን። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የዓይን ሐኪም አይደለም፣ ሁሉንም በሽታ የሚያክም ነው። የሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ የአገሩ ሰው ነበር። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉልኝና ሐኪሙ የላይኛውን ቆብ በቀጭን እንጨት ላይ ገለበጠው።

«አለች» አለ ድሬሰሩ ቀስ ብሎ። «አትንቀሳቀሺ።»

ሌንሷን አወጣት። ከሥሯ የገብስ ሹል ፀጉር ተጣብቆባት ነበር። ሐኪሙ በመብራት ብዙ አየኝና ረዘም አድርጎ ተናገረ። ድሬሰሩ ለመተርጎም ዘገየ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ዓይንሽ ላይ ነጭ ቁስል አለ። የዓይንሽ ቆዳ ድሮም ስስ ነው። ቁስሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ይበሳዋል። ከተበሳ ዓይኑ አይተርፍም።»

ቀጥሎም ሐኪሙ ሌንሷን በምን እንደማጥባት አስጠየቀኝ። የተሰጠኝ ፈሳሽ ከብዙ ጊዜ በፊት አልቋል። በፈላ ውኃ ነው አልኩ። ዋሸሁ። ስቸኩል በምራቄ አርሼ ነበር የማስገባት። ከሰዓት በኋላ ኅሊናዬ ሲያስጨንቀኝ ድሬሰሩን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ደግ አደረግሽ መንገርሽ» ብሎ ለሐኪሙ ሊነግር ሄደ፤ መድኃኒቱም ተለወጠ።

በየሰዓቱ ጠብታ እየተደረገልኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ፋሻው በተፈታ ቁጥር መጀመሪያ የመስኮቱን ብርሃን እፈልጋለሁ። መሪጌታ ከተማው ውስጥ ካሉ ዘመዳቸው ዘንድ አርፈው በየጠዋቱ እየመጡ አልጋዬ ጫፍ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ድሬሰሩ የእሳቸውን ዓይን አይቶ፣ ሞራው በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ ነገራቸው። «ከፋሲካ በኋላ» አሉት። እውነትም ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው አንዱን ዓይናቸውን አስከፈቱ። ሁለተኛውን ግን እንቢ አሉ።

የእኔ ዓይን አልተበሳም። ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ ተወና በቀኙ የማየው ጭጋግ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ በዚያ ዓይን ሌንስ ዳግመኛ እንዳላደርግ ከለከለኝ። በግራው ግን ማድረግ ነበረብኝ፤ ያለዚያ ማስተማር የለም።

የምወጣበት ቀን ድሬሰሩ ጨው የገባበት የፈላ ውኃ በጠርሙስ፣ ሳሙናና መስታወት አቅርቦ ፊቴ ቆመ። ከነዕቃዋ ይዣት የመጣሁትን የግራዋን ሌንስ ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ዓይኔ ሳስጠጋት ቆቡ በራሱ ተከደነ። ያለኝ አንድ ዓይን እሱ ብቻ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ድሬሰሩ «ጊዜ አለን» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ገባች። እንባዬ ፈሰሰ፤ ከዚያ እይታዬ ጠራ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማስታወቂያ ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩለት።