በዚያ ዋጋ የተሠሩት አራት ክፍሎች

ያ ሥራ ተቋራጭ ዋጋውን ሲሞላ ሊያታልለን አስቦ ነበር ወይስ እውነት ያዋጣኛል ብሎ? ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም መልሱን አላውቅም።

ጂንካ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው፤ ስለዚህ እጄ የገባ ወረቀት ሳላነበው አይወጣም። የዚያን ቀን የተከፈተው ከአልዱባ አለፍ ብሎ ላለ ትምህርት ቤት የአራት ክፍሎች ግንባታ ጨረታ ነበር። ሰብሳቢያችን ፖስታ እየቀደደ ዋጋ ያነባል። የመጨረሻው ዋጋ መሐንዲሱ ከገመተው ግማሹን እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ከተጫራቾቹ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ሳቀ። «በዚህ ዋጋማ የእኔንም ቤት ይሥራልኝ!»

«የተሸነፈ ሰው ቀልድ ያምርበታል» አለ ሰብሳቢው። ሁሉም ሳቀ። ያን ዋጋ የሞላው ሥራ ተቋራጭ ብቻ ጫማውን ያይ ነበር።

ሰው ሲወጣ የዋጋ ዝርዝሩን አነበብኩ። ሲሚንቶውን የሞላው እዚሁ ጂንካ ሱቅ ከሚሸጥበት አሳንሶ ነው። ለሰብሳቢው አሳየሁት።

«እህቴ፣ ለመንግሥት ሲረክስ አንቺን ምን አስከፋሽ?»

«ማብራሪያ ይጠየቅ» አልኩ። ተጠየቀ። የመጣው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ባቀረብኩት ዋጋ እሠራለሁ። «ማኅተም አለው አይደል?» ተባለና እንደ ማብራሪያ ተቆጠረ፤ ሥራውም ለእሱ ተሰጠ። ፋይሉ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። ሰብሳቢውና ሥራ ተቋራጩ አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ አየኋቸው፤ ርቧቸው ይሆናል። ሰውየው ሥራውን አቁሞ የዋጋ ማስተካከያ ጠየቀ፤ ተከለከለ፤ ተመልሶ ደግሞ ባልጠበቅነው ፍጥነት መሥራት ያዘ። ፍጥነቱ ከመቆሙ ይልቅ አስፈራኝ።

ወደ ቀይ አፈር ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ መንገድ ላይ ወረድኩና ግንባታውን አየሁት። ምሰሶዎቹ ገና ኮንክሪት አልለበሱም። አውራ ጣቴን ማከል የነበረበት ፌሮ ትንሿን ጣቴን አያክልም። አሸዋውን በእጄ ዘገንኩት፤ ግማሹ አፈር ነው። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ።

ከወራት በኋላ ሕንፃው ተቀባ፤ አማረ። በርክክቡ ቀን ሰብሳቢው «በጥራት መሠራቱ ተረጋግጧል» ብሎ አጻፈኝ። ጻፍኩ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቁልፍ ሊወስድ ቢሮ መጣ። የአሪ ሰው ነው፤ ደስ ሲለው አማርኛው ይፈጥናል። «ሰኞ እናስገባቸዋለን! ዛፍ ሥር መማር ቀረ በይ!»

ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ያዝኩት።

«መምህር፣ ልጆቹን አታስገባቸው።»

«ምነው?»

ስለ ፌሮው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለዚያች አንድ መስመር ደብዳቤ ነገርኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ወላጆቹ ለምን አታስገባም ቢሉኝስ? እኔ ሴትዮዋ አለችኝ ልበላቸው? ጻፊልኝ። ስምሽንም ጭምር።»

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወረቀት ሳብኩ።