ሄድሴት ፍለጋ ወደ ዓባይ ማዶ

ዓርብ

ባሕር ዳር የሄድሁት ለሽርሽር አይደለም። አብራሪዎች ጆሯቸው ላይ የሚደፉትን ማይክ ያለው ማዳመጫ፣ እኛ ሠልጣኞች ሄድሴት የምንለውን፣ ለመምረጥ ነው። በሥልጠና በረራ ላይ ከመቆጣጠሪያ ማማው ሲጠሩኝ ሁለት ጊዜ ሳልሰማ ቀርቻለሁ። አስተማሪዬ ክፉ ሰው አይደለም። በሁለተኛው ቀን ግን ከአውሮፕላኑ እንደወረድን «በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለሽ። ያን ቀን ከደገምሽው ብቻሽን እንድትበሪ አልፈርምም፤ ጆሮሽንም ሐኪም ማየት ይኖርበታል» አለኝ። ጆሮዋ የማይሰማ አብራሪ እንደሌለች ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥፋቱን ሁላችንም በምንጋራው የትምህርት ቤቱ ሄድሴት ላይ ጣልሁና የራሴን ለመግዛት ቆረጥሁ። ዕቃው ግን እንደ ጫማ ሱቅ ገብተው የሚለኩት አይደለም፤ ሳይሞክሩ ከውጭ ማዘዝም ዕውር ድንብር ነው። ያን ጊዜ አባቴ የድሮ ጓደኛውን ጋሽ ፈንታሁንን አስታወሰ። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ሲያበሩ ኖረው፣ ዛሬ በጡረታ ዓባይ ማዶ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ደወለላቸው፤ «ሁለት ሄድሴት አለኝ፤ መጥታ ትሞክር» አሉ።

የመንገዱ ነገር ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ሄድሁ። ከማረፊያው አክስቴ ቤት ያደረሰኝን ባለ ባጃጅ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ምን አልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብ አልለውም ነበር፤ ያን ቀን ግን አስተማሪዬ ስለ ሐኪም ያለው ትዝ አለኝ።

ሹሩባ መሠራት ያስለመደችኝ አክስቴ ዝማም ናት። አዲስ አበባም ሆኜ የእሷን ዓይነት እሠራለሁ፤ ወፈር ወፈር ብሎ በጆሮ ላይ የሚወርደውን። ማታ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ «ፈተና ያለባት ልጅ ፀጉሯን አንጨባራ አትሄድም» እያለች ቅቤ እየቀባች ሠራችኝ። ስትጨርስ አንገቴ ደንዝዞ ነበር፤ አመሰገንኋት።

ቅዳሜ ጠዋት

ድልድዩን ተሻግሬ የጋሽ ፈንታሁንን በር አንኳኳሁ። «ደህና አደሩ?» ስላቸው «እ?» ብለው ቀኝ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገምሁት። የምናገረውን ሁሉ ያስደግሙኝ ነበር። በሬዲዮ ስናወራ የተባልነውን መልሰን መድገም ግዴታችን ስለሆነ፣ የሙያ ልማዳቸው አልለቀቃቸውም ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሄድሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው እሳቸው ሲሠሩበት የኖሩት አረንጓዴው ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል፣ ክብደቱም የጤና አይደለም። ሌላው ቀለል ያለ ጥቁር፣ ጩኸትን በባትሪ ኃይል የሚያጠፋ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ሥራ ሲቀይር ሽጡልኝ ብሎ የተወው ነው። አረንጓዴውን ሳነሳው ልቤ እዚያው ቀረ።

«ከቤት ውስጥማ ሁሉም ጥሩ ነው» አሉኝ። «እኛ የምንፈልገው ጩኸት ነው። አውሮፕላን የለንም፤ ጀልባ ግን አይጠፋም።»

ሐይቁ ላይ

ወደ ዘጌ የሚሄደው ሞተር ጀልባ ላይ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥን። ከፊታችን ገሾ ሸጠው የሚመለሱ አንዲት እማሆይ ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ይዘዋል። ጋሽ ፈንታሁን ሁለቱን ሄድሴቶች የምታገናኝ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ከቦርሳቸው አወጡ። ጥቁሩን እሳቸው፣ አረንጓዴውን እኔ አደረግን። እሳቸው እንደ ማማ ይናገራሉ፣ እኔ እደግማለሁ።

ከወደቡ ወጥተን ሞተሩ ሲበረታ ጀመሩ። «ንፋስ ከሁለት መቶ ሰባ ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ስምንት» ሲሉ እኔ «ሁለት መቶ ሰባት» አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው የተናገሩትንማ ጭራሽ አልሰማሁትም። «እንለዋወጥ» ብለው ጥቁሩን ሰጡኝ። በባትሪው ተማምኜ ነበር፤ ያው ነው። ሞተሩ ከነሙሉ ጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ ተናገሩ፣ ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ሄድሴቱን አውልቄ ውሃውን ማየት ጀመርሁ። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ እጁን አነሳልኝ፤ አልመለስሁለትም። ጥፋቱ የዕቃው ካልሆነ የጆሮዬ ነው ማለት ነው። እንባዬ መጣ።

እማሆይ ዞር ብለው «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ሄድሴቱን ተቀብለው የጆሮውን ትራስ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ጆሮዬ ላይ መልሰው ደፉልኝና በጠርዙ ዙሪያ ጣታቸውን አዞሩ። ጣታቸው ሹሩባዬ ላይ ሲደርስ ሾልኮ ገባ።

«ይሄውና፣ ክፍት ነው» አሉ። «ጠላ ጠንስሰን ጋኑን ስንመርግ አንዲት ገለባ ከክዳኑ ሥር ከቀረች ትንፋሽ ይገባና ይሆመጥጣል። አንቺ ደግሞ ገመድ የሚያህል ጉንጉን አስገብተሽ ክዳኑ በምን ይግጠም?»

ጋሽ ፈንታሁን «እንዴት አሉ?» አሉ፤ እማሆይ ደገሙላቸው። ጋሽ ፈንታሁን ራሰ በራቸውን በእጃቸው ዳሰሱና «ይኼን እኔ ከየት አውቀዋለሁ?» አሉ። የሠለጠኑት ከወንዶች ጋር፣ ያሠለጠኑትም ወንዶችን ብቻ ነበር። የእኔም አስተማሪ ወንድ ነው፤ ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስንበር ሁልጊዜ ሹሩባ እንደተሠራሁ ነበር።

የአክስቴን ልፋት ማፍረስ አሳዘነኝ፤ ግን እማሆይ አላመነቱም። ጆንያቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ራሴን አስደግፈው፣ በሁለቱም ጆሮዬ በኩል ያለውን ፈትተው ወደ ኋላ አሰሩልኝ። ጥቁሩን ደፋሁት። ሞተሩ የሄደ ያህል ራቀ።

«ንፋስ ከአንድ መቶ አርባ፣ ፍጥነቱ አሥራ ሁለት።»

«ከአንድ መቶ አርባ፣ አሥራ ሁለት» አልሁ። አሥር ጊዜ ተናገሩ፤ አንድም አልሳትሁም። የእማሆይን እጅ ስሜ ስነሳ ሳቅም ለቅሶም ያዘኝ።

ዘጌ ወደብ

አረንጓዴውንም ሞከርሁት፤ ሞተሩ ጎላ ብሎ ቢሰማም ቃላቸውን አልሳትሁትም። እማሆይን ተሰናብተን፣ ሐይቁ ዳር በአዲስ አበባው ግማሽ ዋጋ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ እየበላን ጋሽ ፈንታሁን «የቱን መረጥሽ?» አሉኝ።

«አረንጓዴውን፤ የእርስዎ ስለሆነ» አልኋቸው።

ዓሣውን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉ። «እሱን አልሰጥሽም። እንዲህ የሚያሳስት ፍቅር አይበጅም። ስንት ዓመት እሱን ደፍቼ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ጋር ስውል ግራ ጆሮዬ ቀስ እያለ ሄደ። ጠዋት ሳስደግምሽ ለቀልድ መስሎሽ ነበር?»

አፈርሁ። «መስሎኝ ነበር» አልሁ።

«አንቺ ገና መጀመርሽ ነው። ጥቁሩን ያዥ። እኔ በጊዜዬ አላገኘሁትም» አሉኝ። ባለቤቱ ከጠየቀው ዋጋም ለሠልጣኝ ነው ብለው አስቀነሱልኝ።

መመለስ

አክስቴ የፈረሰውን ሹሩባ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ምክንያቱን ስነግራት ግን ጥቁሩን ሄድሴት ራሷ ላይ ደፍታ በመስተዋት አየችው። ከዚያ ጆሮዬን ነፃ አድርጋ፣ ሁሉንም ቀጭን አድርጋ ወደ ማጅራቴ ወስዳ እንደ አዲስ ሠራችኝ። እሑድ ማታ አዲስ አበባ ቤቴ ገባሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ብዙ አይደለም። ሰው ራሱን ከመውቀሱ በፊት ክዳኑን በጣቱ ይዳስስ እላለሁ፤ በተለይ ዕቃው ሲሠራ እሱን ማንም ያላሰበው ሰው። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን እማሆይን ነው፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ መለየቴ ይቆጨኛል።

በፈተናው ቀን ማማው አውሮፕላናችንን አምስት ጊዜ ጠራ፤ አምስቱንም በመጀመሪያው ጥሪ መለስሁ። አስተማሪዬ ፈረመ። እዚያው ሜዳው ላይ ቆሜ ባሕር ዳር ደወልሁ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ሁሉንም ሰማሁ» አልኋቸው።

«እ? ምን አልሽ?» አሉኝ።

ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ደገምሁላቸው።