የጎደለችው አንድ ሜትር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አንተ የምታነበው ግን ፊቴን አታይም፤ እንግዲህ ስማኝ።

ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ አንድ የድሮ ቪላ አለ። ፎቅ የለውም፤ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ፣ ሳሎኑ ከወለል እስከ ኮርኒስ በጥድ ጣውላ የተለበጠ። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ የሳሎኑ ግድግዳ አየር የሚያስገቡ ሰባት ቀዳዳዎች እንዳሉት፣ ይህም የአናጢውን ብልሃት እንደሚያሳይ ይናገራል። ያን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ቀያሽ ነበርኩ፤ ሜትር ይዤ እየዞርኩ የቤት ፕላን አነሳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ወደዚያ ቪላ ወሰደኝ። ቤቱን ከፍሎ ቢሮ ሊያደርገው ፈልጓል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሰሎሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሲፈለግ ወር አልፎታል፣ ጎጃም ገብቷል ይባላል።

ረዳት አልነበረኝምና የሜትሩን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ። በእኛ ሥራ የውስጡ ልክ ከግድግዳው ውፍረት ጋር ተደምሮ ከውጭው ልክ እኩል መምጣት አለበት። ልኬቴ ዝንፍ አይልም እያልኩ የምጎርር ሰው ነበርኩ፣ አፈር ልብላና! የሳሎኑ ግን አልገጥም አለኝ። የውስጡ አንድ ሜትር ጎደለ። ደግሜ ስለካ ልክክ ብሎ ገጠመ። እንዴት? ቀና ብዬ አየሁ። እትዬ ዘነበች ልኩ እንዲረዝም ከሜትሩ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ነጠላቸው ውስጥ አጥፈው ጨብጠዋል።

"ልጄ፣ በሞቴ፣ እንደመጣልህ ጻፈው" አሉኝ ቀስ ብለው።

ያኔ ገባኝ። ሳይገባኝ ነው ያደረግኩት ብዬ አልዋሽህም፤ ሁሉም ነገር ገብቶኛል።

"ቀያሹ፣ አንዱን ግድግዳ ስንቴ ነው የምትለካው? አልቻልክበትም እንዴ?" አለ ሊቀመንበሩ። ጠባቂዎቹ ሳቁ።

ተሳስቼ ነው ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ትንሽ ይሳቅብኝ ነበር፣ በቃ። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። "ልኬቴ ትክክል ነው። አንድ ሜትር የጎደለው ከዚህ ጣውላ ኋላ ባዶ ቦታ ስላለ ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በጣቴም አሳየሁ።

ውጣ እንኳ አላሉትም። ጣውላው ላይ ተኮሱ፤ ሰባት ጊዜ። ስንጥሩ ፊቴ ላይ ተበተነ። ከውስጥ አንድ ጊዜ ግድግዳው ተደበደበ፣ ከዚያ በጣውላው ስር ደሙ እየተንዠቀዠቀ መጥቶ ጫማዬን ነካ። ጣውላውን በሰደፍ ሲገነጥሉት ሰሎሞን በግንባሩ ተደፋ፣ ሜትሬ ላይ። እናቱ ያቺን ያጠፏትን አንድ ሜትር እንደጨበጡ ቆመው ቀሩ። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ያስለቀቅኳቸው እኔ ነኝ። ሜትሩ የመንግሥት ንብረት ነዋ! በመሀረቤ ጠርጌ ጠቀለልኩት። ፕላኑንም ጨርሼ ፈረምኩበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቱን ለቅርስ የምታጠና አንዲት ወጣት ያን ፕላን ይዛ ቤቴ መጣች። "አባባ፣ እንዲህ የተጣራ ሥራ አይቼ አላውቅም" ብላ አሞገሰችኝ። አብረን ሄድን። የተገነጠለው ጣውላ ተመልሶ ተመቷል፤ ቀዳዳዎቹ ግን አሉ። ምንድን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ።

"ለአየር ነው፣ ልጄ" አልኳት። አመስግናኝ ጻፈችው።

ያኔስ ማን ጠመንጃ ደቅኖብኝ ነበር? ሊቀመንበሩ ሞቷል፣ ደርግ ወድቋል። ልጁን አስገድዬ ሳበቃ አሟሟቱን ደግሞ ሰረቅኩት። እኔ እንዲህ ነኝ።

እትዬ ዘነበች አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ ደጃቸው ሄጄ እግራቸው ላይ አልወደቅኩም። አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ የሞተው ያንተ ልጅ አይደለም። ብቻ በዚያ በኩል ካለፍክ ግባና ቀዳዳዎቹን እያቸው። ሁሉም ከጉልበት እስከ ደረት ናቸው። ለአየር ቢሆን ኖሮ ከኮርኒሱ ስር ይበሱ ነበር። ያን ጽሑፍ አስፍቅልኝ። እዚያ ሰሎሞን ቆሞ ነበር።