ባንዲራው ይውጣ ወይስ ይቆይ

ጅቡቲ ውስጥ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ለሰው ለማስረዳት የሚያስቸግረኝ ባንዲራ መያዝ ነው። የተቀጠርኩት ለምግብና ለልብስ ነበር። አሠሪዎቼ ባልና ሚስት ፈረንሳዮች ናቸው፤ እሱን ሙሴ፣ እሷን ማዳም እላቸው ነበር። ሙሴ ወደብ ላይ የክሬን መሐንዲስ ነው። ማዳም ደግሞ ሙቀቱን እየጠላች ትውላለች። በፈረንሳይኛ ሁለቱንም አንቱ እላቸዋለሁ፤ በአማርኛ ሳስባቸው ግን እሱና እሷ ናቸው።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከከተማው ዳር ባለው ሰፈር፣ በፔካ 12 በኩል እንወጣለን። ከጭነት መኪናዎቹ መንገድ ገባ ብሎ ጠጠር የሆነ ሜዳ አለ። ሙሴ እዚያ አራት የጎልፍ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሌላ አገር በጉድጓዱ ዙሪያ ሣር አለ ይባላል። የእኛው አሸዋ ነበር፤ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ተለውሶ፣ ተደልድሎ፣ ጥቁር ክብ ምንጣፍ መስሏል። ጉድጓዱ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጣሳው ውስጥ ቀጭን ፌሮ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ከማዳም አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ባንዲራው ይኸው ነው።

ባንዲራው ከሩቅ ለሚመታ ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ ያሳያል። ጠቡ የሚጀምረው ኳሷ ጥቁሩ ክብ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። በሙሴ የጎልፍ ሕግ መጽሐፍ መሠረት ከዚያ የተመታች ኳስ ፌሮውን ከነካች ቅጣቱ ሁለት ምት ነው። ስለዚህ ወይ ቀድሞ ይነቀላል፣ ወይ አንድ ሰው ይዞት ቆሞ ኳሷ ስትቃረብ ይነቅለዋል። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ።

ማዳም አትስማማም። «ይቆይ» ትላለች። «ኳሷ ስትፈጥን ፌሮው ያስቆማታል። ደግሞ በዚህ ብርሃን ጉድጓዱ አይታየኝም።»

«ሕጉ ይውጣ ይላል።»

«ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሣር ነበራቸው።»

«ሁለት ምት» ይልና ማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

አንድ ቀን ፌሮው ተጣብቆ ኖሮ ስስበው ጣሳው አብሮ ወጣ። የሙሴ ኳስ መጥታ ጣሳው በነበረበት ቀዳዳ ገባች። ሙሴ መጽሐፉን ከመኪና አስመጥቶ እዚያው ቆሞ አነበበ፤ ፀሐይዋ አናቱ ላይ እስክትደርስ። ስለ ጣሳ የሚል አላገኘም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ሙሴ፣ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ» አልኩት።

ጨዋታው ሲያልቅ ባንዲራዎቹን ማንም አያነሳቸውም፤ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቆመው ይሰነብታሉ።

ሙቀቱ ሊገባ ሲል አንድ ዓርብ ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አገኘን። ወንዱ ሲያየን ተነሳ። ሴቷ አልተነሳችም። የተሰነጣጠቀ ከንፈራቸውንና የላስቲክ ጫማቸውን አይቼ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱም ገባኝ። በእንደዚህ ዓይነት ጫማ ወደ የመን የሚሻገር ብዙ ሰው አይቻለሁ።

«ከየት ናችሁ?» አልኩ በአማርኛ።

ወንዱ ደነገጠ። «ከወሎ ነን፣ እትዬ። እህቴ ናት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው የት ነው?»

«ምን ውሃ?»

«የባንዲራው።»

መንገድ ላይ የሆነ ሰው፣ ፈረንጆች ባንዲራ ከተከሉ እዚያ ውሃ አለ ብሏቸዋል። ሲነጋጋ ቀዩን ጨርቅ አይተው ከአስፋልቱ ወጥተው መጡ።

«ነቅለን አየነው» አለ። «ባዶ ጣሳ ነው። መልሰን ተከልነው።»

በደንብ ነበር የተከሉት፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርገው።

የሙሴ ኳስ ከልጅቷ እግር ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ልጅቷ የተቀመጠችው በኳሷና በጉድጓዱ መካከል፣ ዘይቱ ላይ ነው። ሙሴ ዱላውን እንደያዘ፣ «ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ውሃ ያለ መስሏቸው ነው።»

ባንዲራውን አየ፤ ማስታወሻውንም አየ። ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሳና ኪሱ ከተተ። ሁለት ዓመት ባንዲራ ስይዝለት ሳትገባ ኳስ ሲያነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማዳም ወደ መኪናው ሮጣ ውሃና ዳቦ አመጣች። ማዳም ስትሮጥም ያየሁት ያን ቀን ነው። «ቀስ እያላችሁ» አልኳቸው። ወንድምየው እህቱ ጠጥታ እስክትጨርስ አፉን አላስነካም።

ልጅቷ ነፍስ ስትዘራ ወደ ፌሮው እያየች፣ «ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የኳስ ጨዋታ ነው። ኳሷን እዚያ ጣሳ ውስጥ ይከቷታል።»

«ከከተቷትስ በኋላ?»

«ያወጧታል።»

ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን አወለቀች።

ተረከዟ ተልጦ ነበር። ወንድሟ ጓደኞቹ ከፊት እንደሚጠብቁት፣ ከእነሱ ጋር ለጀልባው ካልደረሰ እንደሚቀር ነገረኝ። ልዘላት አለ። እሷ ግን፣ «አንተ ሂድ፤ እኔ አልቻልኩም» አለችው። ተጨቃጨቁ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የቦርሳውን ማንገቻ ፈትቶ አሰረ፤ መልሶ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ስልኬን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ ማዳም የቀረውን ዳቦ ሰጠችው። ሄደ። እህቱ አንገቷን ደፍታ ስለነበር ሲሄድ አላየችውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ልጅቷን ወደ ቤት ልንወስዳት ስንነሳ ሙሴ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፈ፤ ልብሷ ላይ ያለው ዘይት እንዳይነካው። ለዚያ ጋዜጣ ለረጅም ጊዜ ተቀይሜዋለሁ። ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ በላብ ተጠምቆ ነበር የነዳው። ፍተሻ ቢኖር ምን እንደሚመጣ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

«ከጠየቁ እህቴ ናት በሏቸው» አልኩ።

የጠየቀን የለም።

ክፍሌ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። እግሯን ማዳም ነበረች የምታጥብላት፤ ለእኔ አትተውልኝም። ከዚያ አርሂባ ሰፈር የሚኖሩ፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ዘንድ ሥራ አገኘሁላት።

ልጅቷን ባገኘን በሳምንቱ ዓርብ ሙሴና ማዳም መኪና ውስጥ እንደገና ስለ ባንዲራው ተጨቃጨቁ፤ መጽሐፉን ግን ያነሳው የለም።

«ስንጨርስ ሁሉም ይነቀል» አለ ሙሴ። «ሰው ማታለል የለበትም።»

«ይቆይ» አለች ማዳም። «ሥሩ ውሃ እናስቀምጥ።»

«ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ውሃ?»

«የሚበቃውን ያህል።»

መጨረሻ ላይ ሦስቱ ተነቀሉ። ለመንገዱ የሚቀርበው ቆየ፤ ከአጠገቡ ድንጋይ ክበን ሁለት ጄሪካን በጥላው አስቀመጥን። በየሳምንቱ ስንመጣ አንዳንዴ ውሃው አልቆ፣ አንዳንዴ ጄሪካኑም ጠፍቶ እናገኛለን። ሙሴ እያጉረመረመ ሌላ ይገዛል። እዚያኛው ጉድጓድ ላይ ኳስ ሲመታ ፌሮውን እንድነቅለው መጠየቅ ተወ። ሲነካው ግን ራሱን ሁለት ምት ይቀጣል።

ወንድምየው ለወራት ድምፁ ጠፋ። ልጅቷ በየእረፍት ቀኗ መጥታ ስልኬን ታያለች፤ ደውሎ እንደሆን አትጠይቀኝም፤ ታያለች ብቻ። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነበር። «እትዬ፣ እህቴ አለች?» አለ። ሳዑዲ ገብቷል፤ ፍየል ይጠብቃል። በሽንኩርት እጄ ታክሲ ይዤ አርሂባ ሄድኩ። ልብስ ስትተኩስ አገኘኋት። ነገርኳት። ካውያውን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ስትጨርስ ተነስታ ሸሚዙን ጨረሰች።

ሙሴና ማዳም የሥራ ውላቸው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ። ወንድምየው አልተመለሰም፤ እዚያው አግብቷል፤ ይደውላል። እህቱ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ኋላ ላይ ለወለድኩት ልጄ ስገዛ ትቀንስልኛለች፤ ብዙ ግን አይደለም።