እትዬ አሰለፈች ሣጥን ያስገቧት ኳስ

ከንጋቱ 11፡30፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ይናከሳል። ሹፌራችን ጋሽ ደምሴ እስከ አፍንጫቸው ጋቢ ተከናንበው ሞተር ያሞቃሉ። እኔ ነርስ ነኝ። ቃጠሎ ያጣበቀው እጅ በቀዶ ሕክምና ተላቆ የጭን ቆዳ ሲተከልበት፣ በሽተኛው ቤቱ ሆኖ የላስቲክ ኳስ እየጨበጠ እየለቀቀ ቢያፍታታው ምን ያህል እንደሚረዳው እናጠናለን። ዛሬ የምንሄደው ዘመሮ አጠገብ፣ የመጨረሻዋ ታካሚያችን እትዬ አሰለፈች ዘንድ ነው። ስልካቸው ከተዘጋ ሰንብቷል። ሐኪማችን ትናንት፣ «ጣቶቻቸው ካልተዘረጉ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ነው» ብሎኛል። እሳቸው ደግሞ ከሆስፒታል ሲወጡ፣ «ሁለተኛ ቢላዋ ከሚነካኝ እጄ እንዲሁ ይቅር!» ብለው ምለዋል።

3፡00፣ ሞላሌ

ጣርማ በር ላይ ጉም ውጦን ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮረኮንች፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ አሁንም በግ። አንዱ መንጋ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ጥሩንባ ቢነፉ የሰማቸው የለም።

«የመንዝ በግ መንገዱን ያባቴ ርስት ነው ባይ ነው» አሉ ፍሬን ረግጠው።

ሞላሌ ላይ በርበሬው የሚያስነጥስ ፍርፍር ቀረበልን። አንዴ ጎርሼ ተውኩት።

«ብዪ እንጂ አንቺ ልጅ! ምሥራች እንኳ በባዶ ሆድ ይከብዳል» ብለው ተቆጡኝ።

6፡00፣ ዘመሮ አጠገብ

እትዬ አሰለፈች ከድንጋይ ቤታቸው ብቅ አሉ። የተቃጠለው ቀኝ እጃቸው ጋቢ ውስጥ ነው። ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ኳሷስ?»

«አለች! ተመስገን፣ ምንም አልሆነች።»

ከሣጥን የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ኳሷ ከነማሸጊያዋ፣ ልክ ስሰጣቸው እንደነበረች!

«አንድ ቀን እንኳ አልጨበጧትም?»

«የሐኪም ቤት ዕቃ አይደለች እንዴ? አቆሽሼ ልመልስላችሁ? እኔ አደራ በላ አይደለሁም።»

ስድስት ወር ሙሉ! እንባዬ መጣ። «ወይኔ እትዬ፣ ጉድ አደረጉኝ!»

«አትቆጪኝ፣ ሌላም ጥፋት አለብኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ባለቤታቸው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሠሪ ናቸው፤ ፈትል ካልቀረበላቸው ሥራው ይቆማል። «እጅሽን አታድክሚ ብላችሁኝ ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ የበግ ጠጉር መፍተል ጀመርሁ። እንዝርቱን ጭን ላይ ለማሾር መዳፍ መዘርጋት አለበት። እጄ እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልሁ።»

ጋቢውን ገለጡት።

መለኪያዬን አውጥቼ ለካሁ። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል፤ የተተከለውም ቆዳ ለስልሷል። እልል ያልኩት እኔው ነኝ! ጋሽ ደምሴ፣ «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ከደጅ ሮጠው ገቡ።

«ቆዳው የጭኔ አይደል?» አሉ እትዬ አሰለፈች እየሳቁ። «ናፍቆት ይሆናል፣ ጭኔ ላይ ሲሆን ነው የሚታዘዘኝ።»

የጥናቱ ቅጽ «ኳሱን በቀን ስንት ጊዜ?» ይላል። «አንድም ጊዜ» ብዬ እውነቱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ የእንዝርቱን ነገር ዘረዘርኩ። የአንድ ሰው እጅ ብቻውን ጥናት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን እጁ ተዘርግቷል! ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቼ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሳቁ ፈነዳ።

«ቢላዋው ቀርቷል በያቸው። እኛም ከእንግዲህ ኳስ ከማደላችን በፊት፣ ሰው እቤቱ በእጁ ምን እንደሚሠራ እንጠይቅ።»

9፡00፣ መልስ

እትዬ አሰለፈች የተጠበሰ ገብስ ቋጥረውልን እስከ መኪናው ሸኙን። ቢላዋው እንደቀረ ከነገርኳቸው ወዲህ ፊታቸው በርቷል። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኳቸው። እሳቸውም ጨበጡኝ፤ ጨበጡኝና አልለቅ አሉ።

«ኧረ እትዬ ቀስ! ጣቴን!»

«ቻዪው» አሉኝ። «እኔም ችዬዋለሁ።»