ከስር የገባችው ሮንዴላ

ኖሊን ፕራደም መጀመሪያ የጋብቻ ቀለበቷን ታወልቃለች። ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ አንዲት ምስማር አለች፤ ቀለበቱ እዚያ ይንጠለጠላል። ቀጥላ ሰዓቷን ትፈታለች። ከዚያ የጎማ ጓንቷን አንስታ በአየር ትሞላውና አፉን ጠቅልላ ትይዘዋለች። ጣቶቹ ሲወጠሩ ወደ ጉንጯ ታስጠጋዋለች፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንኳ ብትኖር ጉንጯ ላይ እፍ ትላለች። እፍ ካላለ ታጠልቀውና በላዩ የቆዳ ጓንት ትደርባለች።

ቀጥሎ ወደ አውሮፕላኑ ነው። ከባትሪው ሣጥን ጎን ያለችውን ብርቱካናማ ቁልፍ ነቅላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ቁልፏ እዚያ እስካለች ድረስ ኤሌክትሪኩን ማንም መልሶ ሊለቀው አይችልም። ውስጥ የቀረው ጉልበት እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ሻይ የሚጠጣው በዚህ መሐል ነው። ከዚያ ክዳኑን ታነሳና በአንድ እጇ ትለካለች፣ ግራ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። አራት መቶ ቮልት በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሐል ላይ የሚያገኘው ልብን ስለሆነ፣ ሁለተኛውን እጅ አለማቅረብ ነው። መለኪያው ዜሮ ካለ አታምነውም። ራሱ መለኪያው ሞቶ እንዳይሆን በሌላ ባትሪ ላይ ትሞክረውና ተመልሳ አንዴ ትለካለች። ብሎን መፍታት የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የተማረችው በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ በቦናራ አየር ሜዳ፣ በማሽላውና በጥጡ ላይ መድኃኒት የሚረጩትን አውሮፕላኖች ሞተር ስትጠግን ኖራለች። አባቷ የጉድጓድ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋ ሹል ሆነና ወደ አውሮፕላኑ ሄደች። ጓሮዋ ልብስ እያሰጣች በላይዋ የሚያልፈው ሞተር የትኛው ፒስተኑ እንደታመመ ታውቃለች። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ አብራሪው ቤት ደውላ ለሚስቱ፣ «ሲያርፍ ሦስተኛዋን ካንዴላ ይፈትሽ በይው፤ ምሳውን ከበላ በኋላ ይሁን፣ አይቸኩልም» ብላ ዘጋችው። ሰውየው ምሳውን በልቶ ፈተሸ። ሦስተኛዋ ካንዴላ ነበረች።

ከአራት ዓመት በፊት ኪራን ሱባያ የሚባል ወጣት መሐንዲስ አንዲት ባለሁለት መቀመጫ አሮጌ አውሮፕላን በተጎታች ጭኖ መጣ። የቤንዚን ሞተሯን አውጥቶ በምትኩ ድስት የምታህል የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገጥምላት ነው ዕቅዱ። እጁ ቀጥ ያለ ሰው ሲፈልግ ሁሉም ወደ ኖሊን ጠቆሙት፤ ቀጠራት። ሞተሯ መጀመሪያ የተሞከረች ቀን ኖሊን ጆሮዋን አቅንታ ቆመች።

«መቼ ነው የምታስነሳው?» አለችው።

«ከተነሳች ሦስት ደቂቃ አለፋት» አለ ኪራን።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለባሏ፣ «ጆሮዬ ጡረታ ወጣ» አለችው። ባሏ የክሪኬት ጨዋታ እያየ ስለነበር፣ ጥሩ ነው አላት።

ጆሮው ጡረታ ሲወጣ የእጇ ጀርባ ሥራ ጀመረ። ሞተሯ ሠርታ በቆመች ቁጥር ኖሊን ብርቱካናማዋን ቁልፍ ትነቅልና፣ የልጅ ትኩሳት እንደምታይ እናት የእጇን ጀርባ በየክዳኑ ላይ እያሳረፈች ትዞራለች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የእጅ መዳፍ በሥራ ብዛት ስለሚደነዝዝ ሙቀት አይለይም፣ ጀርባው ግን ይለያል። ከዚያ በደብተሯ ላይ «ለብ»፣ «ሞቅ»፣ «ትኩስ» እያለች ትጽፋለች። ከሦስቱ ቃላት ሌላ ደብተሩ ውስጥ የለም።

«ስልሳ አራት የሙቀት መለኪያ ነው የገጠምኩት» ይላታል ኪራን። «ያንቺ እጅ ስልሳ አምስተኛው ነው?»

«የኔ ቻርጅ አይፈልግም።»

ችግሩ፣ ኖሊን ሁለት ጊዜ በከንቱ በረራ አስቁማለች። የመጀመሪያው፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል ብላ ሁሉንም ካስፈታች በኋላ፣ ሽታው የአብራሪዋ የብሮንቲ የተጠበሰ ሳንድዊች ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው፣ የሞቀው ክዳን ፀሐይ ላይ የዋለ ክዳን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ፍሬን» ሆነ። ኪራን ሲከፋው «እሜቴ ፍሬን» ይላታል።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ መጣ። መጋቢት ወር ነው፣ ማሽላው ቀልቷል። አውሮፕላኗ እስከዚያ ቀን ድረስ በሜዳው ዙሪያ ብቻ ነበር የበረረችው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳውን ለቃ እስከ እህል ጎተራዎቹ ሄዳ መመለስ አለባት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ለመፍቀድ ሚስተር ዋድል የሚባሉ ተቆጣጣሪ ከብሪዝበን ከተማ መኪና ነድተው መጥተዋል። ዛሬ ካልሆነ የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ቱዉምባ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ደግሞ የማስተማሪያ አውሮፕላኖቹን የሚመርጠው በዚሁ ወር መጨረሻ ነው።

ጠዋት ኪራን ኖሊንን ወደ ጎን ወሰዳት።

«ስሚኝ። ዛሬ እንደገና በሳንድዊች ካስቆምሽን፣ ከዚህ በኋላ የማስቆም ሥልጣን የኮምፒውተሩ ብቻ ይሆናል። ከልቤ ነው።»

«ኮምፒውተሩ አፍንጫ የለውም።»

«ለዚያ እኮ ነው ሥልጣኑን የምሰጠው» አለ ኪራን።

የአውሮፕላኗ ጭራ ከሲሚንቶ ብሎክ ጋር ታሰረ። ብሮንቲ ኪልሚስተር ገባችና ሞተሯን በሙሉ ኃይል አምስት ደቂቃ አዞረቻት። ሣሩ ተኛ፤ የሚስተር ዋድል ባርኔጣ በራ፤ ድምፅ የሚባል ግን የንፋሱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ሞተሯ ቆመች። ኖሊን ቁልፏን ነቅላ መዞር ጀመረች።

ቀኙ ሣጥን ለብ ብሏል። የግራውም እንዲሁ ለብ፣ ለብ። የፊተኛው ማዕዘን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አነሳችው፣ መልሳ አሳረፈችው።

«ይሄ ትኩስ ነው።»

«ፀሐይ ነው» አለ ኪራን ከኮምፒውተሩ ሳይነሳ።

«ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ናት።»

ኪራን ቀና ብሎ ፀሐይዋን እንደ ከዳችው ጓደኛ ተመለከታት።

«እኔ ለመብረር ዝግጁ ነኝ» አለች ብሮንቲ ከመቀመጫዋ። «ለመጠበስ ግን አልተስማማሁም፣ እሱ ውሉ ላይ የለም።»

ሚስተር ዋድል ባርኔጣቸውን እያራገፉ መጡ። «ኮምፒውተሩ ምን ይላል?»

«ሁሉም ሰላም ነው ይላል» አለ ኪራን።

«እሷስ?»

«እሷ ሰላም ነው ብላ አታውቅም።»

ሰውየው ክዳኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ከዚያ ወደ ሌላው ሣጥን ሄደው ነኩት፤ ተመለሱ። «ክፈቱት» አሉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ መቆየት እችላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ለእራት አልደርስም፣ ሚስቴን ደግሞ እፈራለሁ።»

አሥሩ ደቂቃ ያን ቀን ረዘመ። ኖሊን ጓንቷን በአየር ሞላች፣ ጉንጯ ላይ አስጠጋች። የፍራፍሬ ኬክ አምጥታ ነበር፤ ማንም ኬክ አልጠየቀም። ጊዜው ሲሞላ ክዳኑን አነሳች፤ ለካች፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ብሎን ፈታች። ብሎኑ ላይ ያለችው ቢጫ የቀለም መስመር የራሷ ናት። በዚህ ሥራ ብሎን በልኩ ጠብቆ መፍቻው ቀጭ ሲል፣ ያጠበቀው ሰው መስመር ይቀባበታል፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። መስመሩ አልተሰበረም ነበር።

ብሎኑ ወጣ። የወፍራሙ ኬብል ባለቀዳዳ የመዳብ ጫፍ ተነሳ። ከሥሩ አንዲት የብረት ሮንዴላ፣ ብሎን የሚያልፍባት ስስ ቀለበት፣ ተኝታለች፤ ከሮንዴላዋ ሥር ያለው ጠፍጣፋ መዳብ ቡናማና ሰማያዊ ሆኗል።

ኖሊን ያኔውኑ ገባት። ባለፈው ሳምንት የግራው ሣጥን ኬብሎች ተቀይረው ነበር፤ ያሰረቻቸው እሷ ናት። በቤንዚን ሞተር ላይ የሚታሰር ነገር ሁሉ በሮንዴላ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አለበለዚያ ለስላሳው የሞተር አካል ይቦረቦራል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቀን ሃያ ሮንዴላ ከሥር። በኤሌክትሪክ ግን መዳብ ከመዳብ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት፤ ሮንዴላዋ ከላይ፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ነው ቦታዋ። በመሐል ከገባች የሚያልፈውን ጉልበት ታንቀዋለች፤ ትግላለች። ኪራን ስልሳ አራቱን መለኪያዎች የገጠማቸው ባትሪዎቹ ላይ እንጂ ብሎኖቹ ላይ ስላልሆነ አላዩዋትም።

ኪራን ከኋላዋ ነው፤ ለእሱ የሚታየው የተለወጠው መዳብ ብቻ ነው። «ብሎኑ ላልቶ ነው?» አላት።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ብሎን ይላላል፤ በብሎን ማንም አይከሰስም። ሮንዴላዋን በመዳፏ ሸሽጋ፣ ከላይ አስገብታ፣ አጥብቃ መዝጋት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያን ጊዜ እጇም ያስቆመች ጀግና እጅ ትሆናለች፣ ፍሬን መባሉም ይቀራል። ጓንቷ ላይ ያለችውን ሮንዴላ አየቻት።

«አልላላም» አለች። «ሮንዴላዋን ከሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይሄ የኔ እጅ ነው፣ ኪራን።»

ኪራን ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ፣ «በሣጥኑ ውስጥ አሥራ ስድስት ማሰሪያ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም አንቺ ነሽ ያሰርሻቸው?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ስንቱ እንዲህ ነው?»

«ባውቅማ ኖሮ አንድም አይሆንም ነበር።»

ሚስተር ዋድል ስልካቸውን አወጡ። «ውዴ፣ እራቱን ያለ እኔ ብሉ» አሉና ዘጉት። ወደ ኪራን ዞሩ። «ብዙ ሰው ብሎን ላላ ብሎኛል። በራሱ የሚላላ ብሎን ያን ያህል ብዙ አይመስለኝም። አሥራ ስድስቱንም ክፈቱ። ያ ኬክ ደግሞ የማን ነው?»

የተሳሳቱት ሦስት ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት በትክክል የታሰሩ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሮንዴላቸው ከሥር ነው። ኖሊን አስታወሰች፤ ዓርብ ነበር፣ ሬዲዮው ላይ ክሪኬቱ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዎቹ ኳሶች እየተወረወሩ፣ ሐሳቧ እዚያ ሄዶ እጇ ወደ ድሮ ሥራው ተመልሷል። መዳቡን ወልውላ፣ ሁሉንም ከአዲስ አሰረች። መፍቻው ቀጭ ሲል ግን ቢጫ ቀለሙን ራሷ አልቀባችም።

«ብሮንቲ፣ ነይ አንቺ ቀቢ። አይተሽ፣ ነክተሽ፣ ከዚያ ቀቢ። ያሰረ ሰው ከእንግዲህ አይቀባም።»

«ሮንዴላ ከላይ» እያለች ብሮንቲ ቀባች። «ሮንዴላ ከላይ። ኖሊንዬ፣ ይሄን ማታ በሕልሜም እቀባዋለሁ።»

ሞተሯ እንደገና አምስት ደቂቃ ዞረች። ኖሊን ነካች፤ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ኪራንን ጠራችው። «አንተም ንካ። በጀርባው፣ በመዳፍህ አይደለም።»

ኪራን ነካ። «ለብ» አለ።

«ጻፍ» አለችና ደብተሩን ሰጠችው።

ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ብሮንቲ ተንደርድራ ተነሳች፤ ማሽላውን ተሻግራ ወደ ጎተራዎቹ አነሰች፣ ጠፋች። ኖሊንን የከበዳት ይሄ ነው። ድሮ አውሮፕላን ከዓይን ቢጠፋም ከጆሮ አይጠፋም ነበር፤ ሲመለስም ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አሁን ሰማዩ ዝም ብሏል። ዘጠኝ ደቂቃ እጇን በሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ ቆመች።

ሬዲዮው ተንጫጫ። «ጎተራዎቹ ላይ ነኝ» አለች ብሮንቲ። «ከሥሬ ፈረሶች አሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።»

በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ አረፈች። ኖሊን ቁልፏን ነቅላ ወደ ግራው የፊት ማዕዘን ነበር በቀጥታ የሄደችው። ለብ።

ሚስተር ዋድል ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «በረራ የማስቆም ሥልጣን የማን ነው ብላችሁ ጻፋችሁ?»

ኪራን ኖሊንን አየ፤ ኬኩ ያለቀበትን ሳህንም አየ። «የፍሬኗ» አለ። እንዲያውም ራሱ በእጁ ጨመረበት፤ ያሰረ አይቀባም የሚለውንም ከሥሩ።

ዛሬ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ባለችው ምስማር ላይ ከቀለበቱ ጋር አንዲት ከግለት የተነሳ ሰማያዊ የሆነች ሮንዴላ ተንጠልጥላለች። ከቱዉምባው ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ምንድነች ብለው ሲጠይቁ ኖሊን ታሪኩን ሳታሳጥር ትነግራቸዋለች፤ ሲወጡም አንድ ነገር ትለምናቸዋለች። ይህንን ለምታነቡም አድርሱልኝ ያለችው እሱኑ ነው፦

«ልብስ ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ማብሪያውን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ ስትነቅሉ የያዛችሁትን የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ግድ የለም። ትኩስ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ድሮም እንዲህ ነው ብላችሁ መልሳችሁ አትሰኩት። ሽቦውን ያሰረውን ሰው ጥሩና አስከፍቱት። እናንተ ራሳችሁ ያሰራችሁት ከሆነም፣ እኔ ነኝ በሉ።»